በሠንጠረዡ መጨረሻ ያለችው ሴት

ጅዳ የሄድኩት ለዓይኔ ነበር። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቶኝ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ ሲለኝ፣ መካ ሩሰይፋ ቤቴ ደርሶ መመለሱ ለጉልበቴ ስለከበደኝ የልጄ ልጅ ሐናን ዘንድ ሰነበትኩ። ሐናን ዩኒቨርሲቲ እየተማረች፣ ከአክስቷ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዛ ነው የምትኖረው። ጥሩውን ክፍል የያዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ መስኮቱም፣ የማይንኳኳው ማቀዝቀዣም እሱ ዘንድ ነው ያሉት። እኔም እዚያው አጠገቡ ፍራሽ ተነጥፎልኝ ተደላደልኩ። ልጅቱ ሱብሒ ሰግዳ ከተቀመጠች እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ አትነሳም። የምትሠራው ነገር ለኔ ዓይን ነጭ ግድግዳ ላይ የሚርመሰመስ ጥቁር ጉንዳን ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ትተነፍሳለች፣ አንዳንዴ ፀጉሯን ትነጫለች፣ አንዳንዴ «ያ ረብ» ትላለች፣ ከዚያ ያንኑ ጉንዳን ከግራ ወደ ቀኝ ትገፋዋለች።

«ምንድን ነው ልጄ ይሄ ሁሉ?» አልኳት በሁለተኛው ቀን።

«ሠንጠረዥ ነው ሲቲ። ጀድወል።» የልጅ ልጆቼ ሲቲ ነው የሚሉኝ፤ በዚህ አገር አያት እንዲያ ነው የምትጠራው።

«የምን ሠንጠረዥ?»

«በጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶች ናቸው። ከታከሙ በኋላ ስንት ዓመት እንደኖሩ እናሰላለን። ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑትና ዘግይተው የሆኑት ይለያዩ እንደሆነ ለማየት ነው።»

«አጀልን፣ የሞትን ቀን፣ በኮምፒውተር?»

«መጪውን አይደለም፣ ያለፈውን ነው እንጂ። አስተግፊሩላህ አሰኘሽኝ።»

ስሌቱን ኮምፒውተሩ በአንድ እስትንፋስ ይጨርሰዋል አለችኝ፤ መከራዋ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሲጨርስ ቁጥሩን ሁሉ እንደ ሐጅ ሰሞን ሻንጣ አንድ ቦታ ይዘረግፍባታል። እሷ እያንዳንዱን አንስታ በየክፍሉ ታስገባለች። በየቁጥሩ መሐል ያሉት ነጥቦች ቁልቁል በአንድ ቀጥታ መስመር መሰለፍ አለባቸው፤ አንዷ ነጥብ እንኳ ፈንገጥ ካለች የምታስተምራት ዶክተር መልሳ ትልክባታለች። ሠንጠረዡ የሚፈቀድለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከርዕሱ ሥር አንድ፣ ከታች አንድ። የቁም መስመር ሐራም ነው አለችኝ እየሳቀች። የእናቴ ነጠላ ጥለት ትዝ አለኝ፤ ያም ሲበዛ ያስጠላ ነበር። ደግሞ ልዩነቱ የምር ከሆነ ቁጥሩ ራስ ላይ ኮከብ ይደረግለታል። «ለዚች ለአንዷ ኮከብ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ ሲቲ» አለችና በጣቷ አሳየችኝ። አላየኋትም፣ ግን ታምራለች አልኳት። ከታች ደግሞ በየዓመቱ ስንት ሴቶች እንደቀሩ የሚናገር ረድፍ አለ። ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ፣ መጨረሻ ላይ አንድ።

«ይቺን አንዷን ብታውቂ ደስ ይልሽ ነበር» አለች። «ሐበሻ ናት።»

«ሐበሻ?»

«ወላሂ። ሌሎቹ አልቀዋል፣ ወይ ከዓይን ጠፍተዋል፤ እሷ ብቻዋን እስካሁን አለች። ከኮከቡ ግማሹ የሷ ነው ማለት ይቻላል።»

«ማን ትባላለች?»

«ስም አይሰጡንም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ግን የድሮውን የወረቀት ፋይል መካ ሄጄ ራሴ አገላብጫለሁ፣ ስሙን በወረቀት ሸፍነውልኝ። የመካ ሚስፈላ ሰፈር ሰው ናት። ልደቷም እንዳንቺው ረጀብ አንድ ነው። እናንተን ሁላችሁንም አንድ ቀን ነው እንዴ የወለዷችሁ?»

የልደት ቀኑን ለማያውቅ ሰው ሁሉ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጸሐፊዎቹ ረጀብ አንድ ብለው ነበር የሚጽፉለት። እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ፋይሉ ላይ ያነበብኩት ነገር አንጀቴን በላው። ኦፕራሲዮን ያደረጋት ሐኪም ምን ብሎ ጽፏል መሰለሽ፤ ለማስተርጎም አብራት የመጣችው እህቷ የተቆረጠውን ጡት ስጡኝ፣ እኔ እቀብረዋለሁ ብላ ለመነችኝ ይላል።»

ጠብታዬን ላድርግ ብዬ በጀርባዬ ተኛሁ። የጠብታው ሰዓት አልነበረም።

ያቺ እህት እኔ ነኝ። እህቷም አልነበርኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ስሞቹን ለውጫለሁ፣ የሐኪም ቤቱንም ስም አልጠራም። ሚስፈላን ግን ሚስፈላ ከማለት ሌላ ምን እላታለሁ። ዛሬ በዚያ ብታልፉ ሰማይ የሚነካ ሆቴል ነው የምታዩት፤ ያኔ ግን ቤቶቹ ተራራው ላይ እርስ በርስ ተደጋግፈው የተሰቀሉ ነበሩ። የኛ ቤት ሰባ ሁለት ደረጃ ነበረው። ከታች ማዕዘኑ ላይ የመናዊው ሱቅ አለ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሰፈሩን ሁሉ የውሃ ጠርሙስ በነፃ ያስቀምጥልን ነበር፣ የማን የማን እንደሆነ እንዲለይ አንገቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እናስርበታለን፤ የኔ ቀይ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ታሚስ የሚባለውን ቂጣ ጋጋሪው። አንድ ታሚስ ትሪ ታክላለች፣ ዋጋዋ አንድ ሪያል፤ በግማሽ ሪያል ፉል ጨምራችሁ አምስት ሰው ትመግቡ ነበር። አሁን ሩሰይፋ ያለው ታሚስ እንደ ሰሐን ጠቧል፣ ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። ዓባያችን እንዳሁኑ ከትከሻ ሳይሆን ከራስ ላይ የሚጣል ነበር፣ ጥቁር ሐር መሳይ፣ ሲያልበን ጀርባችን ላይ ይጣበቃል። ጫማችን ላስቲክ። ሐጅ ሲደርስ ክፍሎቻችንን ለእንግዳ እናከራይና ከነልጆቻችን ጣሪያ ላይ እንወጣለን።

ሰዓዳን ያገኘኋት ጣሪያው ላይ ነው። እኔ የሐርቡ ልጅ ነኝ፣ እሷ የባቲ። ለዑምራ መጥታ የቀረች ነበረች፤ ቪዛዋ አልቆ፣ ኢቃማ የላት፣ ከፊል የሚሉት ዋስ የላት። እኔ በልጆቼ አባት በኩል ኢቃማ ነበረኝ፤ የአንድ ሸይኽ ሹፌር ስለነበር ሸይኹ ለሁላችንም አውጥቶልናል። ሰዓዳና እኔ የሐጃጆችን ኢሕራም እናጥብ ነበር። ሁለቱ ነጭ ፎጣ ሁለት ሪያል። የሐጅ ሰሞን ጣሪያው ሁሉ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ነፋስ ሲነሳ ዓይን የሚገባበት ቦታ ያጣል። ከአገር ሰው በሰው እየተባዛ የመጣ የመንዙማ ካሴት ነበራት፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሁለተኛው» ተብሎ የተጻፈበት። አንደኛውን አግኝተነው አናውቅም። ያንን ካሴት ትከፍትና ድቤው ሲመታ በድቤው ልክ ፎጣውን ትደበድባለች። ከታች የመናዊው «ያ ሐበሺያ፣ ቤቱን አፈረስሽው» ይላታል። «ይፍረስ፣ ኪራዩ ይቀንሳል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ፎጣ ስትጨምቅ እጇ ከደረቷ ላይ ቀረ። «ፋጤ፣ ነይ እስኪ ንኪኝ» አለችኝ። ፋጡማ ነው ስሜ። ነካኋት። እብጠቷ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «ከረመዳን ጀምሮ» አለች። ያኔ አራት ወር ያህል አልፎ ሙሐረም ገብቶ ነበር። ሐኪም ቤት እንዳትሄድ በር ላይ ኢቃማ ነው የሚጠየቀው። ለከፈለ ሰው የግል ሐኪም ነበር፣ ግን ቢላ ለሚያስፈልገው ነገር ኢሕራም በማጠብ የሚሞላ ከረጢት አልነበረም። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው የኔን ኢቃማ አወጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

ፎቶዬን አየችና «ይቺን ለመምሰል ነው ደግሞ የምታመመው?» አለች። እውነቷን ነው፣ ስነሳው ደንግጬ የታነቀች ሴት መስያለሁ። ግን ኒቃብ ለብሰን ነው የምንሄደው፣ ኒቃብ አውልቂ የሚል የለም፤ ጸሐፊዎቹም ለነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አልነበርንም። በአንድ ኢቃማ ሦስት ሴቶች የወለዱበት ቤት አውቃለሁ። ኃጢአት ነው ብለን አላሰብንም። ጎረቤት ጀሪካን እንደሚዋዋሰው ነው የተዋዋስነው።

መጀመሪያ ቀን የጥበቃው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ነርሷ «ፋጡማ» ብላ ስትጣራ ብድግ አልኩ። ሰዓዳ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ተቀመጪ፣ አንቺ አይደለሽም» አለች በጥርሷ መሐል። ከዚያ እየተንጎማለለች ገባች፣ እኔም አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ተከተልኳት። ሐኪሙ ደግ ሽማግሌ ነበር። ጡቱ መነሳት አለበት አለ። ስነግራት «ሁለቱንም?» አለች። «ግራውን» አልኳት። «ቀኙ ይበቃኛል፣ ማን ሊጠባው ነው» አለች፣ እና አለቀሰች።

ኦፕራሲዮን በሆነች በማግስቱ ነው ሐኪሙን የለመንኩት። በኛ የሰው ገላ ሲቆረጥ አይጣልም፣ ታጥቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ሐኪሙ «እኛው እንቀብረዋለን፣ አንቺ አትጨነቂ» አለኝ። ለሰዓዳ ነገርኳት። «ሰው ሁሉ መካ ልቀበር ብሎ ሲለምን ይኖራል፤ የኔ ግማሽ ቀድሞኝ ገባ» አለች። እየሳቅን ፋሻዋ እንዳይፈታ ደረቷን ይዤላት ነበር።

ከዚያ ክሩን አወጡላት። ሌላ መድኃኒት አለ፣ በየሦስት ሳምንቱ ትመጫለሽ ተባለች፤ የቀጠሮ ወረቀት ተሰጣት፣ የኔ ስም ያለበት። ኢቃማውን እኔው መልሼ ያዝኩ፣ ወረቀቱ ግን እሷ ጋ ቀረ። ቀጠሮው ሳይደርስ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ሳሙና ልትገዛ በወጣችበት ጀዋዛቶች፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ መንገዱን በሁለት በኩል ዘጉት። ኢቃማ የሌለውን ሁሉ እየጫኑ ወሰዱ። እኔ የሰማሁት ከታሚስ ጋጋሪው ነው። ጅዳ ተርሂል ነው ያሉት፣ ሰው ከአገር ከመሸኘቱ በፊት የሚታሰርበት። የልጆቼ አባት በሸይኹ መኪና ይዞኝ ሄደ። ስንት ቀን ተመላለስን። አንድ ቀን በሩ አካባቢ ሴቶቹን ከአንዱ አውቶቡስ ወደ አንዱ ሲያሻግሩ አየኋት። ከስታለች። እጄን አነሳሁ። ወታደሩ ፊቱን ሲያዞር ወደኔ ጠጋ አለችና «ቀጠሮሽን በላሁት» አለችኝ።

«ምን?»

«ወረቀቱን። ስምሽ ነበረበት። አኝኬ ዋጥኩት። ጨው የለውም።»

ሳቀች፣ ወታደሩ «የላ» አለ፣ ገባች። እኔ እዚያ ቆሜ በእጄ የያዝኩት ታሚስ ነበር፤ ሳልሰጣት አውቶቡሱ ሄደ። በዓመቱ ለሐጅ የመጣች አንዲት የባቲ ሴት ፈልጋ አገኘችኝ። ሰዓዳ ሞተች አለችኝ። በሽታው ሌላኛው ወገን ላይ ወጥቶባት፣ አገር ቤት መድኃኒቱ ሳይገኝላት። ኢሕራም እያጠብኩ ነበር። ውሃው እየፈሰሰ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም ብል አልዋሽም፣ ከአንድ ጊዜ በቀር። ስኳር ሲይዘኝ ልጄ እየጎተተ ወሰደኝ። ወጣቷ ሐኪም ፋይሉን ከፈተችና «የጡት ቀዶ ሕክምናሽ እንዴት ነው? ላየው?» አለችኝ። ሁለቱም ጡቶቼ ቦታቸው ላይ ናቸው። ፋይሉ ላይ አንድ ቃል ሳትጽፍ ውዱእ ላድርግ ብዬ ወጣሁ፣ በሌላ በር ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ልጄ ዛሬም ድረስ ለምን እንደሸሸሁ አያውቅም፤ እናቴ ሐኪም ትፈራለች እያለ ለሰው ያወራል። እስካሁን ለስኳሬ የምሄደው ከተማውን አቋርጬ ነው።

ይህን ሁሉ ሐናን አጠገብ ተኝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሰብኩት። እሷ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ታንኳኳለች። ከዙህር በኋላ ሩዝ ስንበላ ጠየቅኳት።

«ያቺ ሐበሻ አለች ያልሽው በምን አውቀሽ ነው? አይተሻታል?»

«አይ። ሐኪም ቤት ከመጣች ብዙ ዓመቷ ነው። ግን የመዝገብ ሠራተኛው የኢቃማውን ቁጥር አይቶ ነገረን፤ በየጊዜው ይታደሳል። ኢቃማው ከታደሰ ሰውየው አለ ማለት ነው።»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ኢቃማዬን ለማሳደስ ስንት ዓመት ተሰልፌያለሁ፤ የጣት አሻራ ሰጥቼ፣ ከፊል ለምኜ፣ የልጆቼ አባት ከሞተ ወዲህ ደግሞ ወደ ልጄ ስም አዛውሬ። ኢቃማውን ተጅዲድ ባደረግኩ፣ ባሳደስኩ ቁጥር እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ሰዓዳ አንድ ዓመት ትጨምር ነበር። እኔ ሳረጅ እሷ በኔ ዕድሜ ታረጅ ነበር። ባቲ አፈር ከለበሰች በኋላ ስንቱን ሴት ቀድማ፣ ብቻዋን መጨረሻው ላይ ቆማለች።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ብናገር የልጅቱ ልፋት ይበላሻል፤ ሐሙስ ሠንጠረዡን ማስረከብ አለባት፣ ካለፈላት በዚህ መንፈቅ ትመረቃለች። ዝም ብል ደግሞ ሐኪሞች ያንን ሠንጠረዥ አንብበው ለታመሙ ሴቶች እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብለው ሊነግሩ ነው፣ በሞተች ሴት። ደግሞ ፍርሃቱም አለ፤ ኢቃማ ማዋስ ያኔም ወንጀል ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ወደ የት ይሸኙኛል? ሐርቡ የማውቀው ሰው አንድም አልቀረኝም። ሐናን ደግሞ በየመሐሉ ትጠራኛለች። «ሲቲ፣ ነይ እዪው፣ ነጥቦቹ ሁሉ ተሰለፉ» ትለኛለች። ማሻአላህ እላታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቁጭ አደረግኳትና ነገርኳት። ከሽምብራዋ ጀምሬ እስከ ባቲዋ ሴት። ስጨርስ እንደ ሕፃን አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

«ያቺ እህቷ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሽተኛዋስ?»

«በወረቀት እኔ ነኝ። በገላ ሰዓዳ ናት።»

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች። «ለማን ተናግረሻል?»

«ላንቺ።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ለአባቴም። ሲቲ፣ ወላሂ፣ ለማንም።» ቆጣ ብላ ነው ያለችው። «ቆይ፣ እኔስ አሁን ምን ልሠራ ነው? ካወጣኋት ለምን አወጣሻት እባላለሁ። ከተውኳት ውሸት መሆኑን አውቄ ነው የተውኳት።»

«ሞታለች ብለሽ ጻፊ።»

«በምን ማስረጃ? ሐኪም ቤት የለም፣ ወረቀት የለም። አንዲት የባቲ ሴት ነገረችን ልበል?»

ያን ዕለት ሠንጠረዡን አልነካችውም። ማክሰኞ ለዶክተሯ ደወለች፤ በዓረብኛ ስታወራ እሰማለሁ፣ የኔን ስም አታነሳም። ስትጨርስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ነገረችኝ። ለዶክተሯ ያለቻት እውነቱን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ሴት ሐኪም ቤት ከታየች ብዙ ዓመቷ ነው፣ መኖሯን የምናውቀው በኢቃማ ብቻ ነው፣ ኢቃማ ደግሞ ሰውየውን አያሳይም። ዶክተሯ ትክክል ነሽ አለቻት። እንግዲያው ደንቡ ለአንዷ ብቻ አይሆንም፣ ለሁሉም ይሠራ፤ መምጣት ያቆሙት ሁሉ እስከ ታዩበት ቀን ብቻ ይቆጠሩ አለች። በሕይወት አሉም አይባልም፣ ሞቱም አይባልም። እንዲህ ላሉት ኮምፒውተሩ ቦታ አለው አለችኝ ሐናን፤ ትንሽ የመደመር ምልክት ያደርግላቸውና ከቆጠራው ያስወጣቸዋል።

«ብዙ ናቸው?»

«አዎ። አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ታክመው ታክመው ድንገት የማይመጡ።»

የት እንደሄዱ እኔ አውቃለሁ። በስም ባላውቃቸውም አውቶቡሱን አውቀዋለሁ።

ሠንጠረዡ ሁሉ ፈረሰ። ቁጥሮቹ አዲስ ሆነው እንደገና ተዘረገፉ፣ እሷም እንደገና አንድ በአንድ ታነሳቸው ገባች። ነጥቦቹን አሰለፈች፣ ቅንፎቹን አስገባች፣ የተረፈ መስመር ደመሰሰች። እኔ ከሻይ በቀር የማቀርበው አልነበረኝም። አንዱን ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል፣ ሌላ አመጣለሁ። ረቡዕ ከሰዓት እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ኮከቡ የለም።»

«ሌላ ቦታ ሄዶ እንዳይሆን፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊው።»

ሳትፈልግ ሳቀች። «ኮከብ አይጠፋም ሲቲ። ድሮም አልነበረም። ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑትም የዘገዩትም በዚህ ሠንጠረዥ አይለዩም፤ ማወቅ አልቻልንም ነው የሚለው። ዶክተሯ አንድ መንፈቅ ጨምሪና የወረቀት ፋይሎቹን በሙሉ አገላብጪ ብላኛለች።»

«በኔ ምክንያት።»

«ኸላስ፣ እንዲህ አትበይ።» ግን በአንቺ ምክንያት አይደለም አላለችኝም። የማትዋሽ ልጅ ናት።

ሰርዤ ልጽፍልሽ፣ ልከፍልልሽ፣ ሄጄ ዶክተሯን እግሯ ላይ ልውደቅልሽ ማለት አማረኝ። አንዱም የሚረባ አልነበረም። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ እሱም ወረቀት የለውም። «እስኪ አሳዪኝ፣ የት አደረግሻት?» አልኳት። ወንበር አቀረበችልኝ። ቁጥሮቹን በሰፊው አጎላችልኝና ጣቴን ይዛ ታችኛው ረድፍ ላይ አሳረፈችው። ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም፤ መጨረሻው ላይ አልነበረም።

«ከዚህ ወደዚህ ሲሄድ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል፣ አየሽ? እሷ ናት።»

«ሞታ ነው የቀነሰችው ይላል?»

«አይልም። እስከዚህ ታይታለች ነው የሚለው።»

«የታየችው መቼ ድረስ ነው?»

«ክሩን እስካወጡላት ቀን።»

«እኔ ከዚያ በኋላ አይቻታለሁ እኮ። ተርሂል በር ላይ። ክሯ ከወጣ አርባ ቀኗ ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። ቆማ አነጋግራኛለች። ይህን እንኳ ጨምሪላት፤ አርባ ቀን።»

«ብጨምረውም አይታይም ሲቲ። እዚህ ላይ የሚጻፈው ሙሉ ዓመት ብቻ ነው፣ ሠንጠረዡ እንዳይጨናነቅ። አርባ ቀን ከነጥብ በኋላ ነው የሚገባው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ኮምፒውተሩ ይቆርጠዋል።»

«አርባ ቀን ለታመመ ሰው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ጣቴን ከያዘው እጇ አልለቀቀችውም፤ በሌላኛው እጇ ሠንጠረዡን ለዶክተሯ ላከችው።